ጓሳ ላይ ዝም ብላችሁ መሰንበት ከፈለጋችሁ

ሰው ዕረፍት ሲናፍቀው ቶሎ የሚታየው ውሃ ነው። ሐይቅ፣ ጀልባ፣ መኪና የማይደርስበት ደሴት። ጣና ላይም ዝዋይ ላይም እንዲህ ያሉ ደሴቶች አሉ። ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ግን መንገዱ ይርቃል፣ ወጪውም ይከብዳል። ደግሞ ለጸጥታ ብሎ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም። መንዝ ላይ ጓሳ አለልን።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሣር አገር ነው። በስተምዕራብ የመንዝ እርሻ ይዞታል። በስተምሥራቅ መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደሉ ቁልቁል ወደ ይፋት ይወርዳል። ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ እሱ ሳይታረስ ቆይቷል። እዚያ የሚኖሩት አውሬዎች፣ በተለይ ቀይ ቀበሮ፣ ወጥተው የሚሄዱበት ሌላ ደጋ በአቅራቢያቸው የለም። ደሴት ቢባል አይበዛበትም።

እኔ የምሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ ወፍጮ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ሞተር እየጮኸ፣ ቀበቶው እየተንቋቋ፣ ከደንበኛ ጋር የምንነጋገረው በጩኸት ነው። ማታ ቤት ገብቼም ጆሮዬ ውስጥ ይፈጫል። ስለዚህ ጸጥታ ለእኔ የቅንጦት ነገር አይደለም። ወዳጆቼ «የት ሄደሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የሚበራው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። አገር ለማየት፣ ፎቶ ለማንሳት፣ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚሆን ምክር አይደለም። ዝም ለማለት ለሚሄድ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። መጀመሪያ ቀን አካላችሁ ደርሶ ሐሳባችሁ ገና መንገድ ላይ ነው። ጸጥታው የሚሰማችሁ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ሌሊት ከቻላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ካላችሁ ጣርማ በር ድረስ ሄዳችሁ ገደሉን አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላችኋል።

መቼ ልሂድ?

ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ጥቅምትን የሚያህል ግን የለም። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጠዋት ስትነሱ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ ሊጥል ይችላል፤ የሚዘንበውም በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱን ተጠቅማችሁ መግባት ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ይቅርባችሁ። ዝናቡን በጃንጥላ ትችሉት ይሆናል። ጉሙን ግን አትችሉትም። ጉም ሲወርድ ጥቂት እርምጃ ቀድሟችሁ የሚሄድ ሰው ይጠፋባችኋል። ገደል አፋፍ ባለበት አገር ይሄ ጨዋታ አይደለም።

ከቻላችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ምረጡ። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሊመጣ ይችላል። እንግዳ ጥሩ ነው፣ ገቢው ለአካባቢው ሰው ይጠቅማል፤ ግን ሙዚቃ የያዘ አንድ ቡድን ካለ የመጣችሁበት ነገር ቀረ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ከላምበረት መናኸሪያ ትነሳላችሁ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ አንድ ሌሊት እደሩ። የራሴን ከተማ ለማሻሻጥ ብዬ አይደለም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ሰውነታችሁ ከፍታውን እዚህ ይለማመዳል። ከዚያ በኋላ ጓሳ ላይ የሚመጣው ራስ ምታት ይቀንሳል።

በማግስቱ ጠዋት ለጓሳ ቅርብ ወደሆነችው ከተማ፣ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ መኪና ያዙ። ማልዳችሁ ውጡ፤ ቅጥቅጡ ሲሞላ ነው የሚነሳው፣ ሰውም የሚሳፈረው በጠዋት ነው። መንገዱ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው ነው፤ ጣርማ በር ላይ ጣልያን ወደ ቆፈረው ዋሻ ሳትገቡ በፊት ወደ ግራ ይታጠፋል። ከዚያ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ። በዚህ መንገድ ላይ በግራ በኩል መስኮት ያገኘ ሰው መንዝን በደንብ ያየዋል፤ ሜዳው፣ የድንጋይ ቤቱ፣ በየማሳው ዳር የተከመረው የገብስ ነዶ።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ያለፉት ዓመታት ለክልላችን ቀላል አልነበሩም። መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት ሆኖ ሌላ ሳምንት ሊዘጋ ይችላል። ዋዜማውን መናኸሪያ ሄዳችሁ ከመሐል ሜዳ የተመለሰ ሾፌር አነጋግሩ። «ዛሬስ ይቅር» ካላችሁ ይቅር። ጓሳ የትም አይሄድም።

መኪና ያላችሁ ሰዎች ደግሞ እባካችሁ ደብረ ብርሃን አቁማችሁት ኑ። ይህን የምለው ለመንገዱ ብዬ አይደለም፤ ለእናንተው ነው። መኪና የያዘ ሰው ጓሳ ላይ እንኳ አይቀመጥም። «እስቲ እዚያ ማዶ ደግሞ ምን አለ?» ይላል፣ ያስነሳል፣ ይዞራል። በቀኑ መጨረሻ ሁሉንም አይቷል፣ ምንም አልሰማም። እግር ብቻ ያለው ሰው ግን መምረጥ አለበት። ዛሬ ያንን ጉብታ፣ ነገ ያንን አፋፍ። ጸጥታው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጓሳን የሚያቋርጥ የመኪና መንገድ አለ፤ አልፎ አልፎ አይሱዙ ያልፍበታል። ከመንገዱ ወጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄዳችሁ ግን ድምፁ አይደርስባችሁም። ከዚያ በኋላ ያለው እግርና በቅሎ ብቻ ነው።

ማደሪያው የማኅበረሰቡ ነው። ጥቂት ክፍሎች ያሉት፣ ራሳችሁ የምታበስሉበት ማዕድ ቤትና የምትሞቁበት ምድጃ ያለው ቤት ነው። ድንኳን መትከያም አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ወይም መሐል ሜዳ ስትደርሱ ጠይቃችሁ አስመዝግቡ። የመግቢያውን፣ የአልጋውን፣ የአስጎብኚውን ዋጋ እዚያው ጠይቁ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። በመንገድ ላይ ለሚያገኛችሁ ሰው በየሜዳው ብር አትበትኑ። ገንዘቡ በማኅበሩ በኩል ሲገባ ነው ለሁሉም የሚደርሰው።

ምን ልያዝ?

ብርዱን አትናቁ። ቀን ቀን ፀሐዩ ይጠብሳችኋል፤ ሌሊቱ ግን በአማካይ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል፣ በውርጭ ወራት ደግሞ ከዜሮ በታች ይገባል። አንድ ወፍራም ጃኬት ከመያዝ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል፤ ቀን ላይ አንድ በአንድ ታወልቁታላችሁ። የሱፍ ካልሲ፣ የሱፍ ቆብ፣ ጋቢ። ጋቢ ያልያዘ ሰው ጓሳ ላይ ጠዋት ውጭ መቀመጥ አይችልም።

ሰፊ ባርኔጣ ያዙ። በዚያ ከፍታ ፀሐይ ሳይሞቃችሁ ነው የሚያቃጥላችሁ። ቫዝሊን ለከንፈርና ለአፍንጫ። ባትሪ ከነመለዋወጫው፣ ክብሪት በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ጥሩ ፔርሙዝ። የሚያዝ ዱላ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የጓሳ ሣር እንደ ጉቶ ጉቶ ሆኖ ነው የሚበቅለው፣ በመሃሉ ደግሞ የፍልፈል ጉድጓድ አለ። ቁርጭምጭሚት የሚጠመዝዘው እሱ ነው።

አልጋችሁ ላይ የሚጨመር ብርድ ልብስ ካስፈለገ ባና ጠይቁ። ባና ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራ ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰው ሰው ክብደቱ ያስደነግጠዋል፤ ቆዳም ላይ ይቆረቁራል። የበጉ ሽታ ገና አለቀቀውም። ከአንሶላ በላይ አድርጉት እንጂ ገላችሁ ላይ አታድርጉት። ትንሽ ቆይታችሁ ከእግራችሁ ጀምሮ የሚወጣው ሙቀት ግን ከምንም ብርድ ልብስ አይገኝም። ይህን የምትናገረው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ሰው መሆኗን ልብ በሉልኝ።

ስለ ምግብ፣ ከወፍጮ ቤት ሰው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው እረፍቱ የሚበላሽበት በምግብ ነው።

ጓሳ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን ሳይግል ነው የሚፈላው። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ በዚያ ከፍታ ወደ 89 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ምስሩ ሲንተከተክ እያያችሁት አይበስልም። የአተር ክክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ማገዶ ስትጨርሱ ትውላላችሁ። ጥሬ ጥራጥሬ የግድ ካላችሁ ከማታ ጀምሮ ዘፍዝፉት።

የሚያዋጣው ቀድሞ የበሰለና የደረቀ ነገር ነው። ድርቆሽ ያዙ፤ አይሻግትም፣ በቋንጣ ወይም በሽሮ ይፈረፈራል። ሽሮ ያዙ፤ እህሉ አስቀድሞ ስለተቆላ ቶሎ ይደርሳል። ቆሎ ያዙ፤ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ትንሽ ኑግ ጣል ተደርጎበት። እንቁላልና ድንች መሐል ሜዳ ይገኛል።

ከሁሉም በላይ በሶ። እሳት አይፈልግ፣ ዕቃ አያበዛ። ገብሱ ሲቆላ ቀለሙ እስኪጠይም መታገስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሲፈጭ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ሆድም ይነፋል። ደንበኞቼ ገብስ ሲያመጡ አንድ ፍሬ አንስቼ ጥርሴ ላይ አደርጋለሁ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። እንደ ማስቲካ ከታኘከ «እማማ፣ ይቺ አንድ ዙር ትቀራታለች፤ ይመልሷት» እላለሁ። ደቀቅ አድርጋችሁ አስፈጩት። ጠዋት በሙቅ ውሃ ትንሽ ጨው ጨምራችሁ መበጥበጥ፣ ቀን ላይ በበርበሬና በቅቤ ጠንከር አድርጋችሁ ለውሳችሁ መያዝ። ሁለት ጭብጥ በሶ የበላ ሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ በዚያ ወቅት የምትሄዱ ቅቤውን በዘይት ወይም በማር ተኩት። በጾም ከአካባቢው ሰው ወተትና እንቁላል አትጠብቁ።

ማገዶ መሐል ሜዳ ላይ ባሕር ዛፍ ፍልጥ ገዝታችሁ ያዙ፤ ከሰልም ይሆናል። ከጓሳ ውስጥ አንድ ቁጥቋጦ አትቁረጡ። እዚያ ላይ የሚበቅለው ነገር በብርድ ምክንያት ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እናንተ በአንድ ማታ የምታነዱት ለማደግ ዓመታት ፈጅቶበታል።

የመጀመሪያውን ማታ አረቄ አትቅመሱ። የደብረ ብርሃን አረቄ እንደሚያሞቅ አውቃለሁ፤ ከፍታውን ያልለመደ ሰው ላይ ግን ራስ ምታቱን እጥፍ ያደርገዋል። ውሃ ጠጡ፣ ሻይ በጦስኝ ጠጡ፣ ቶሎ ተኙ። ስትራመዱ መተንፈስ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ራስ ምታቱ ማስታወክና መንገዳገድ ከጨመረበት ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው መድኃኒቱ።

ጠዋቱን እንዴት ልዋል?

በሁለተኛው ቀን ጨለማ ሳይለቅ ተነሱ። ሻዩን ፔርሙዝ ውስጥ ጨምሩ፣ ጋቢ ደርቡ፣ ከአስጎብኚው ጋር ወደ ገደሉ አፋፍ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ። ልጆቹ መሬቱን ያውቁታል፣ የቱ ጋ ድንጋዩ እንደሚንሸራተት ያውቃሉ፤ ሥራቸውም ነው።

እዚያ ስትደርሱ ምንም አታድርጉ። አንድ ጠዋት አብሮኝ የነበረው ወጣት አስጎብኚ ስንቆራጠጥ አይቶ፣

«እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ። እኛ ከተቀመጥን እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ» አለኝ።

«የቱ ጋ ልቀመጥ ልጄ?»

«እዚያ ድንጋዩ ጋ። ለነፋሱ ጀርባዎን ይስጡት።»

ተቀመጥን። ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮዎች የሚያድሩት ገደሉ ፊት ላይ ነው፤ ጅብና ነብር እንዳይደርስባቸው። ፀሐይ ከይፋት በኩል ብቅ ስትል መጀመሪያ የሚሰማው ድምፃቸው ነው፣ ከታች፣ ከማይታይ ቦታ። ሲያጉረመርሙ፣ ሲመላለሱ። ከዚያ አንድ እጅ አፋፉ ላይ ይታያል። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ትወጣለች። ቀጥሎ ሌላዋ። ጎፈሩ በነፋስ የሚበተን ወንድ ከኋላ ይመጣል። ጥቂት ሲቆይ ሜዳው ይሞላል። አንዳንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው።

መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው፣ ደረታቸው ላይ ያለችው ቀይ ቆዳ እየታየች፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ መብላት ይጀምራሉ። ጭላዳ እንደ ሌላው ጦጣና ዝንጀሮ ፍራፍሬ ፍለጋ ዛፍ ለዛፍ አይልም፤ ሣር ግጦ ነው የሚኖረው። ተቀምጦ በሁለት እጁ ይነጫል፣ ጭብጡ ሲሞላ ወደ አፉ ይከታል፣ ሳይነሳ በቂጡ ትንሽ ይንሸራተትና እንደገና ይነጫል። ይህን ድምፅ ስሙልኝ። ያ ሁሉ እጅ አንድ ላይ ሣር ሲነጭ የሚሰማ ነገር ነው፤ ደረቅ፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ። ሞተር ቢኖር፣ አንድ ሰው ስልክ ቢያወራ፣ ፈጽሞ አይሰማም። እኔ ጓሳ የምሄደው ለዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሕጉ ቀላል ነው። ወደ እነሱ አትሂዱ፤ ወደ እናንተ ከመጡ ባላችሁበት ቆዩ። በእናትና በልጅ መሃል አትግቡ። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ቀርባችሁታል ማለት ነው፤ ዓይናችሁን ከእሱ አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። ምግብ በፍጹም አትስጡ። ዳቦ የለመደ ጭላዳ የገበሬ ማሳ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ድንጋይ ነው።

ጭላዳዎቹ ሣር ላይ ሳሉ ዙሪያውን በዓይናችሁ ፈልጉ። ቀይ ቀበሮ ካለ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለ እንስሳ ነው፣ ቁጥሩም በጠቅላላው ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። በመካከላቸው ሲያልፍ ጭላዳዎቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። እሱም ብዙ ጊዜ ግልገሎቻቸውን አይነካም። የሚፈልገው አይጥ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ ጓሳ ላይ ጭላዳ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ፤ ከዚያ የወጣ አንድ ጥናት ይህንን ቆጥሮታል። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ የሚሳካለት አንዱ ነው። በጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ይሳካለታል። ያገኘው በጎረቤቶቹ ሰላም ነው፤ አንዱን ግልገል ቢነክስ ያን ሁሉ ያጣዋል።

በዚህ ምክንያት ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ደግ ውሻ ቢሆንም። የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮ ቤተሰብ ውስጥ አንዴ ከገባ አብዛኞቹን ሊጨርስ ይችላል፤ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ደርሷል።

ከረፋድ በኋላ ጭላዳዎቹ ራቅ ይላሉ። ያኔ ተነስታችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ጅብራውን እዩ፤ ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን ብቻ ሲያበቅል ይቆይና አንድ ጊዜ ረጅም አበባ አውጥቶ ይሞታል። ጦስኙን በእግራችሁ ስትነኩት ይሸታችኋል። ጋጋኖ ከበላያችሁ እየጮኸ ያልፋል። ሰማይ ላይ ጥንብ አንሳ ካያችሁ ጥላውን በሣሩ ላይ ተከተሉት። ከዚያ ተመልሳችሁ ምሳ ብሉ፣ ተኙ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ለመሄድ አትቸኩሉ። ጠዋት የተቀመጣችሁበት ድንጋይ ጋ ተመለሱ።

ስልካችሁን ዝጉት። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ከመሐል ሜዳ ደውላችሁ «እስከ ሐሙስ አልደውልም፣ ደህና ነኝ» በሉ። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ አንድ ሰዓት ለዩለት፤ ቀሪውን ጊዜ ስልኩ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። ከጓደኛ ጋር ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ጠዋት ጠዋት እስከ ምሳ ወሬ የለም ብላችሁ። መጀመሪያ ይከብዳል። ወሬ የማያቋርጥ ጓደኛ ካላችሁ ግን ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ አብራችሁ ሂዱ። ሕፃን ልጅ ካላችሁ ይዛችሁ ለመሄድ አታመንቱ። የጓሳ ጸጥታ በልጅ ሳቅ አይረበሽም። በድምፅ ማጉያ ነው የሚረበሸው።

ጸጥታው የማን ነው?

ማታ እሳት ዳር ከጥበቃዎቹ ወይም ከአካባቢው ሽማግሌ ጋር የመቀመጥ ዕድል ካገኛችሁ አባቶች ጓሳን እንዴት እንዳቆዩት ጠይቁ። አስቦና ጌራ የሚባሉ ቀደምት አባቶች መሬቱን ለጋራ ለይተው አስቀመጡት ይባላል። ከዚያ ጀምሮ ነገሩ በሥርዓት ነበር። በሕዝብ የተመረጠ አለቃ አለ። ሣሩ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነሳም። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ይህ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ የቀድሞው ሥርዓት ቆመ። ጓሳም ተጎዳ፤ ማጨጃውም ግጦሹም ልክ አጣ። ሰዉ ግን አልተወውም፣ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎ በሕግ አጸናው። እናንተ ሄዳችሁ የምትሰሙት ጸጥታ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። ክረምት ላይ ከብቱ ሲራብ ሣሩ እያለ «አይነካም» ብሎ የታገሠ ሰው አለ።

ሽማግሌ ስታነጋግሩ «አንቱ» በሉ፣ ከመቀመጫችሁ ብድግ በሉ። ቤት ግቡ ካሏችሁ ግቡ። የመንዝ ሰው ጠላውን ቀድቶ ቆሞ ያጠጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀምሶ ማስቀመጥ ቅር ያሰኛል። መጠጣት ካልቻላችሁ ከመቀዳቱ በፊት በትሕትና ተናገሩ። ገንዘብ አውጥታችሁ አትስጡ። ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለቤቱ እመቤት ስጡ፤ ያ በደስታ ይወሰዳል።

ስትመለሱ

የምትወጡበትን ቀን ከአንድ ቀን በፊት ለአስጎብኚው ንገሩት። ከጓሳ እስከ መሐል ሜዳ የሚያደርሳችሁን ሞተር ወይም መኪና እሱ ይጠራላችኋል። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው መኪና በጠዋት ስለሚነሳ ማታውን ከጓሳ ወርዳችሁ መሐል ሜዳ ማደር ይሻላል። የገበያ ቀን ከገጠማችሁ ባና እዚያው ግዙ፤ ከሠራው ሰው እጅ ስትገዙ በፀሐይ ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፣ ሽመናው የሳሳበት ቦታ ይታያል።

ቆሻሻችሁን ሁሉ በማዳበሪያ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ውረዱ፤ ፌስታል፣ ባትሪ፣ የውሃ ላስቲክ። የተረፈ ፍልጥና ከሰል ለቤቱ ጠባቂ ተዉለት። በሶ ከተረፋችሁም ስጡት፤ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ይበላዋል።